አሮጌ ፎር ዊል ከመጠገን በፊት፦ ጉድለትን የማንበብ ሥርዓት

አሮጌ ፎር ዊል መኪና የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከዕቃ መደብር ነው። ትልልቅ ጎማ፣ ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ ከፊት የሚገጠም ብረት፣ የጣሪያ መብራት ይገዛል። ገንዘቡ ሲያልቅ መኪናው አምሮበታል፤ ፍሬኑ ግን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይግላል፣ የፊት ጎማው ፎር ዊል ሲገባም አይስብም። አሮጌ መኪና የሚድነው ጉድለቱ ከየት እንደመነጨ አስቀድሞ በማወቅ ነው። የጥገናው ሥራ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ መኪናው በትክክል እንዲቆምና መሪ እንዲታዘዝ፣ ቀጥሎ ሳይግል እንዲሠራ፣ ከዚያ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ማድረግ፤ ማሻሻያ የመጨረሻው ነው።

ለማስረዳት የምወስደው በአገራችን ከከተማ እስከ ገጠር የሚታወቀውን የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ፒካፕ ነው። ይህ ዓይነት መኪና መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ከ1990 ወዲህ በብዛት የተገጠመለት ሞተር ዋን ኤች ዜድ ይባላል፤ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ነው። የነዳጅ ፖምፓው ሜካኒካል ስለሆነ አብዛኛው ጉድለት በዓይን፣ በጆሮ፣ በእጅና በአንድ ተራ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይገኛል። ቀጥሎ የምገልጻቸው መንገዶች ለሌሎች የዘመኑ ናፍጣ ፎር ዊሎችም በአብዛኛው ይሠራሉ።

ምርመራውን ከሻንሲው ይጀምሩ። ሞተር ይወርዳል፣ ካምቢዮ ይለወጣል፤ የበሰበሰ ወይም የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። መኪናውን ከሥር በደንብ አሳጥበው በትንሽ መዶሻ እየመቱ ይሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ግን ድምፁን ያፍናል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። የባሌስትራ ማንጠልጠያዎቹንና የመሪ ሳጥኑ የታሰረበትን ቦታ በባትሪ መብራት ይመልከቱ፤ በኮረኮንች መንገድ የኖረ መኪና ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። የድሮ ብየዳ ካዩ ለምን እንደተበየደ ይጠይቁ። ካጠቡ በኋላ መኪናውን ጥቂት ነድተው ሌሊቱን ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ። ጠዋት የሚያዩት ጠብታ ቦታውንም ዓይነቱንም ይናገራል፦ ጥቁርና ቀጭን ከሆነ የሞተር ዘይት፣ ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ የካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት፣ ጠርቶ የሚያንሸራትት ሆኖ ከጎማ ውስጠኛ ጎን ከወረደ የፍሬን ዘይት ነው። የመጨረሻው ከሆነ ሳይጠገን መኪናው አይንቀሳቀስ።

ሞተሩን መመርመር የሚገባው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። መኪና ሊገዙ ከሄዱና ሞተሩ አስቀድሞ ሞቆ ካገኙት ሌላ ቀን ይመለሱ፤ የሞቀ ሞተር ጉድለቱን ይደብቃል። ሲነሳ ጭሱን ይመልከቱ። ጠዋት ለአፍታ የሚታይ ነጭ ጭስ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋና ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ መሆኑን ይጠቁማል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ ማሰብ ይገባል። አዲስ አበባ አካባቢ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንን ጉድለት የሚሞላበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚታይ ትንሽ ጥቁር ጭስ ብቻውን ፖምፓ ለማስፈታት አያበቃም። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያውጡ፤ በአቧራ ከተደፈነ መልሱን አገኙት።

ጠዋት አልነሳ የሚል ናፍጣ መኪና ባለቤቱን ብዙ ጊዜ ለከንቱ ወጪ ይዳርገዋል። አንዱ ባትሪ፣ ሌላው ሞተሪኖ፣ ሦስተኛው ኢንጀክተር ይለወጥ ይላል። ናፍጣ ሞተር ለመነሳት አራት ነገር ይፈልጋል፦ በቂ ፍጥነት ያለው ዙር፣ የሞቀ የማቃጠያ ክፍል፣ አየር ያልገባበት ነዳጅና በቂ እመቃ። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂዱ። ሞተሪኖው ሲያዞር ከደከመ የባትሪውን ጫፎች አጽድተው ያጥብቁ፤ ከባትሪ ወደ ሻንሲና ወደ ሞተር የሚሄደውን ወፍራም ገመድም ይመልከቱ። ዙሩ ጥሩ ከሆነ ከነዳጅ ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ይጫኑት። ከዚያ በኋላ ወዲያው ከተነሳ ሌሊቱን አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባቲዮ ይመለሳል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም ያረጀ የማጣሪያ ማሸጊያ ይፈልጉ። ይህም ካልሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹን የሚያገናኘውን ብረት ፈትተው እያንዳንዳቸውን በመለኪያ ይፈትሹ። ጤነኛው በጣም አነስተኛ ተቃውሞ ያሳያል፤ የተቃጠለው ምንም አያስተላልፍም። አዲስ ሲገዙ ቮልቱ ከመኪናዎ ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሳይነሳ ከቀረ ብቻ ነው እመቃ የሚለካው።

የዚህ ሞተር አንድ አደጋ ግን ምልክት ሳይሰጥ ይመጣል። ቫልቮላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ቢበጠስ ፒስቶንና ቫልቮላ ይጋጫሉ፣ ቴስታታውም ለትልቅ ጥገና ይወርዳል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚያስታውስ መብራት ቢኖርም ቺንጋው ሳይለወጥ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል። ስለዚህ መቼ እንደተለወጠ በማስረጃ ካላወቁ ከነማወጠሪያው ይለውጡት። ከመለዋወጫ ሁሉ ሳይመረመር እንዲለወጥ የምመክረው ይህንን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መበጠሱን የሚያውቁት ከተበጠሰ በኋላ ነው።

ግለትን በተመለከተ አንድ ሥር የሰደደ ልማድ አለ፤ ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድም ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ስለሚቀር ከፊሉ ውሃ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል፤ ሞተሩም በብርድ ጊዜ በአግባቡ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ ቶሎ ያልቃል። ይልቅ የራዲያተሩን ክንፎች ይመልከቱ፤ ጭቃና ሣር ብዙውን ጊዜ ከፊት ስለማይታይ ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ በውሃ ያጥቡት። ሞተሩ ሞቆ ሲጠፋ የቬንትሌተሩ ክንፍ በነፃነት ብዙ ዙር ከዞረ መያዣው ደክሟል። የራዲያተር ክዳንም ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያልታመቀ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ሲላላ ጤነኛ ሞተር ውሃ ይተፋል። ሁሉም ደህና ሆኖ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ ከወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተነክቷል። ክዳን የሚከፈተው ግን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ፍሬን የራሱ ቋንቋ አለው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ተጭኖ ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ከወረደና ውጪ ፍሳሽ ከሌለ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ውስጡ ያፈስሳል። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ እገዛው ጠፍቷል፤ በብዙ ናፍጣ ሞተሮች ቫክዩሙ የሚመጣው ከዲናሞው ኋላ ከተገጠመ ፖምፓ ስለሆነ እሱንና ቱቦውን ይመልከቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የበዛበት ዘይት ሲግል ይፈላል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የሚወርድ ጭነት ያለው መኪና ፔዳሉ ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ይለውጡ፤ ቁልቁለትንም በከባድ ማርሽ ይውረዱ፣ ፍሬኑ ለማቆሚያ ይቆይ።

መሪው በ60 ወይም በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በኃይል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብዙዎች የመሪ አሞርዛቶሪ ይለውጣሉ። እሱ ንዝረቱን ያስታግሳል፤ ምክንያቱን አያስወግድም። የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥተው አክስሉን በጠንካራ ማቆሚያ ያስደግፉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙ። ልልነት ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይያዝልዎ። ፍሬን ሲያዝ ልልነቱ ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው የሚታጠፍበት የመገጣጠሚያው ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ሲይዙት ብቻ ከላላ የመሪ ዘንግ ጫፎችን ይመርምሩ። በዚህ ጥቂት ደቂቃ ሥራ ሦስት የማይመሳሰሉ ወጪዎች ይለያሉ።

አሁን ወደ ፎር ዊሉ እንምጣ። በዚህ መኪና ኃይሉ ከካምቢዮ ወደ ትራንስፈር፣ ከትራንስፈር በሁለት ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አክስል ይሄዳል። የፊት ጎማዎቹ በሃብ ይቆለፋሉ ወይም ይለቀቃሉ። በፊትና በኋላ ዘንግ መካከል ልዩነት የሚያካክስ ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይጓዛሉ፤ በአፈርና በአሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይጨርሰዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለሌለ ኃይሉ ዘንጎቹን ይጠመዝዛል፣ ማርሹም አልወጣ ይላል። ያ ሲሆን መሪውን ቀጥ አድርገው ትንሽ ወደ ኋላ ይሂዱ፤ በኃይል አይጎትቱት።

ፎር ዊሉ መሥራቱን ያለ አደጋ መፈተሽ ይቻላል። ሞተሩን ያጥፉ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ፣ ትራንስፈሩን ወደ ሁለት ጎማ ያድርጉ፣ ከፊት አንዱን ጎማ ብቻ ያንሡ፤ መሬት ላይ የቀረው የፊት ጎማ ሃብ ተቆልፎ ይቆይ። የተነሣው ጎማ ሃብ ሲለቀቅ ጎማውን በእጅ ቢያዞሩ የፊት ዘንግ መቆም አለበት። ሃቡ ሲቆለፍ ዘንጉ አብሮ መዞር አለበት፤ ካልዞረ ጉድለቱ በዚያ በኩል ባለው ሃብ ወይም የጎማ ዘንግ ነው። ቀጥሎ ትራንስፈሩን ወደ ፎር ዊል ያስገቡ። ጎማው በእጅ እንዳይዞር መቆለፍ አለበት። ሃቡ ይዞ ጎማው አሁንም ከዞረ ትራንስፈሩ አልገባም። በሌላኛው ጎማ ይድገሙት። በዚህ መንገድ ትራንስፈር ሳይፈታ ችግሩ የትኛው ክፍል ውስጥ እንዳለ ይታወቃል።

መሪው እስከ መጨረሻ ታጥፎ በፎር ዊል ሲሄድ ከፊት ጎማ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ በመታጠፊያው ውስጥ ያለው መገጣጠሚያ አልቋል። የመታጠፊያው ሉል ግሪስ ቀጥኖ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ደግሞ የዲፈረንሻሉን ዘይት የሚያግደው ውስጠኛ ማሸጊያ ተቀዷል፤ ዘይቱ ግሪሱን አጥቦታል። ግሪስ መጨመር ብቻ ለጥቂት ጊዜ ያታልላል። ሌላው የሚዘነጋ ነገር የአክስሉ መተንፈሻ ነው። የሞቀ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ውሃም በማሸጊያ በኩል ይስባል። ከወንዝ በኋላ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጭ ካለ ወዲያውኑ ይለውጡት። የመተንፈሻውን ቱቦ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ አድርጎ ማሰር በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ፣ ትልቅ ጉዳት የሚከላከል ማሻሻያ ነው።

ወደ ማሻሻያ የሚገባው ይህ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ጎማና የአየር መሙያ፤ አሸዋ ላይ ግፊቱን ወደ 1.4 ባር ገደማ ዝቅ ማድረግ ጎማው ሰፊ ቦታ እንዲረግጥ ያደርጋል፣ አስፋልት ላይ ሲወጡ ግን መሙላት ግዴታ ነው። ቀጥሎ ሻንሲው ላይ በጠንካራ ቡሎን የታሰረ መጎተቻ፤ ተጎታች የሚያያዝበት ኳስ ለማውጫ አይሆንም፣ ተሰብሮ ሰው ይገድላል። ባሌስትራ ማሳደግ፣ ከባድ ብረት መጨመርና የጣሪያ ጭነት ሁሉም ፍሬን፣ መሪና ዘንግ ላይ ሸክም ይጨምራሉ፤ እነዚያ ካልጠነከሩ ማሻሻያው ጉድለቱን ያፋጥናል።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ለውጠው ይንዱ፤ ነድተው የጎማ ዳዶዎችን፣ ፍሳሹንና ድምፁን እንደገና ይመልከቱ፤ የተለወጠውን ከነኪሎ ሜትሩ ይጻፉ። ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው መኪናው ቢሻለውም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው ዳሎል ወይም ጋራዥ ወደሌለበት የደቡብ ቆላ የሚወርድ ሰው ከምንም መለዋወጫ በላይ የሚያስፈልገው ይህ ዕውቀት ነው፤ መኪናው ሲታመም ሕመሙን ለይቶ፣ የያዘው ጥቂት መሣሪያ በትክክለኛው ቦታ እንዲውል ያደርጋልና።