ስለ ራውተር አተካከልና ኮምፒዩተሮችን ከርሱ ጋራ ስለ ማገናኘት

ራውተር የሚባለው መሣሪያ ከውጭ የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር ተቀብሎ በቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚያከፋፍል ትንሽ ሣጥን ነው። ሲያዩት ቀላል ዕቃ ስለሚመስል፤ ብዙ ሰዎች ሶኬት ላይ ሰክተውት መብራቶቹ ከበሩ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ዳሩ ግን ይህ ሣጥን ለቤቱ ሁሉ አንድ በር ስለ ሆነ፤ ማን እንደሚገባበትና ቍልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ መወሰን የአባወራው ወይም የአስተማሪው ተግባር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የፖስታ ሣጥንን ምሳሌ ማየት ይበቃል። በአንድ ትምህርት ቤት ሃያ አስተማሪዎች ቢኖሩ እያንዳንዳቸው የፖስታ ሣጥን አይከራዩም፤ ደብዳቤው ሁሉ በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቍጥር ይመጣና ጸሐፊው አውጥቶ ለየባለቤቱ ያድላል። የራውተርም ሥራ እንዲሁ ነው። በኢንተርኔት የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ በቍጥር የተጻፈ አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ነገር ግን በቀድሞው ሥርዐት ያሉት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ሆኑ ለዓለም መሣሪያ ሁሉ አይበቁም። ስለዚህ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በ192.168 የሚዠምሩትንና ሌሎችንም አንዳንድ አድራሻዎች ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የውስጥ ሥራ ብቻ ለይቶ አስቀመጣቸው። ራውተሩ ከነዚህ ለያንዳንዱ ኮምፒዩተር አንዳንድ አድራሻ በራሱ ያድላል፤ ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም የሚታዩት በአንድ አድራሻ ነው። እንግዲህ የማይታወቅ ሰው ከአጥር ውጭ ተቀምጦ በመስመሩ ክፉ ሥራ ቢሠራበት፤ ፍለጋው የሚያደርሰው ወደዚያ ሰው ሳይሆን ወደ ቤቱ ባለቤት ነው።

መስመሩ በስልክ ሽቦ የሚመጣ እንደ ሆነ፤ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የምትለይ ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ በመካከል ትገባለች። ከርስዋ አንዱ ሽቦ ወደ ስልኩ ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ እርስዋ ከቀረች ስልኩ ያጕረመርማል፤ ኢንተርኔቱም ይቈራረጣል። በመስታወት ክር በፋይበር የሚመጣ እንደ ሆነ ክሩን አጥብቆ ማጠፍ ይሰብረዋል፤ ጫፉንም በዐይን መመልከት አይገባም። የመብራቱ አዳፕተር ከሣጥኑ ጋራ የመጣው ራሱ መሆን አለበት፤ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ቀዳዳው ልክ ስለ ሆነ ብቻ መሰካት ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ስለሚቀመጥበት ስፍራም ማሰብ ይገባል። የዋይፋይ ሞገድ በድንጋይና ወፍራም በሆነ የጭቃ ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ ቈርቈሮና የብረት በር ይመልሱታል፤ ውሃም ይውጠዋል። ስለዚህ ከውሃ በርሜልና ከብረት ቍም ሣጥን ርቆ በቤቱ መካከል ከፍ ባለ ስፍራ ቢቀመጥ ይሻላል። አንዳንድ እመቤቶች ቤቱን ለማሳመር ዳንቴል ያለብሱታል፤ ዳንቴሉ ሞገዱን ባይከለክልም ሙቀቱ እንዳይወጣ ስለሚያፍነው የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥራል።

መዠመሪያ የሚገናኘው ኮምፒዩተር በገመድ ቢሆን ይመረጣል፤ በዋይፋይ ተገናኝቶ የዋይፋዩን የምስጢር ቃል የሚለውጥ ሰው በሥራው መካከል ራሱን ከመስመሩ ያወጣልና። ገመዱ በውስጡ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስምንት ሽቦዎች አሉት፤ እስከ 100 ሜትር ድረስም በደኅና ያደርሳል። ጫፉ ጠቅ እስኪል ድረስ ከተሰካ በኋላ፤ በኮምፒዩተሩ ብራውዘር ላይ ከሣጥኑ ሥር የተጻፈው አድራሻ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ይህ ገጽ የሚከፈተው ከራውተሩ ሆድ ስለ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ገና ባይመጣም ይከፈታል። በገጹም ላይ፤ መስመሩን የሰጠው ድርጅት የተጠቃሚ ስምና የምስጢር ቃል ሰጥቶ እንደ ሆነ በቦታቸው ይሞላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ፓስዎርድ የሚባለው የምስጢር ቃል ነው። የምስጢር ቃሎቹ ሁለት ናቸው፤ ብዙ ሰዎችም አንድ አድርገው ያዩአቸዋል። አንደኛው ዋይፋዩን ለመጠቀም የሚያስገባው ነው፤ ሁለተኛው የሣጥኑን ደንብ ለመለወጥ የሚያስችለው የአስተዳዳሪው ቃል ነው። ይህ ሁለተኛው በብዙ ሣጥኖች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ለሁሉም ተመሳሳይ ሆኖ፤ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሚራይ የተባለ ጐጂ ፕሮግራም እንዲህ ያሉ 60 ያህል የታወቁ ስሞችንና ቃሎችን ብቻ እየሞከረ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ያዘ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን የተያዙት ዕቃዎች ባንድነት ዲን በሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ላይ ጥያቄ ስለ አዘነቡበት፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉት ገጾች ለብዙ ሰዎች ለሰዓታት ተቋረጡ። ፕሮግራሙን የሠሩት ሦስት የአሜሪካ ወጣቶች በ2017 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አመኑ። የዕቃዎቹ ባለቤቶች ግን አብዛኞቹ ምንም አላወቁም፤ ሣጥናቸው መብራቱን እያበራ እንደ ወትሮው ይሠራላቸው ነበርና።

ስለዚህ የአስተዳዳሪው ቃል በመዠመሪያው ቀን መለወጥ አለበት። ለዋይፋዩም ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 የሚባለው መጠበቂያ ይመረጣል፤ ዌፕ የተባለው የቀድሞው መጠበቂያ በ2001 ዓ.ም. ድካሙ ስለ ተገለጠ ዛሬ እንዳልተቈለፈ በር ይቈጠራል። የዋይፋዩ ቃል የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ከ8 ፊደል ማነስም አይችልም። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ተከታትለው ቢጻፉ ለባለቤቱ ለማስታወስ ይቀላሉ፤ ለሌላውም ለመገመት ይከብዳሉ። የትምህርት ቤቱን ስም ከዓመተ ምሕረቱ ጋራ ማድረግ ግን ተማሪዎቹን በአንድ ቀን እንዲያውቁት መጋበዝ ነው።

ጐረቤት ወይም ዘመድ መጥቶ ዋይፋይ ሲጠይቅ መከልከል በሀገሩ ልማድ ነውር ነው፤ ቃሉ ለአንድ ሰው ከተነገረ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ መንደሩን ይዞራል። ለዚህ ብዙ ራውተሮች የእንግዳ መረብ የሚባል አላቸው። ስሙም ቃሉም የተለየ ስለ ሆነ፤ እንግዳው ኢንተርኔቱን ሲጠቀም የፈተና ወረቀትና የተማሪዎች ውጤት ወዳለባቸው ኮምፒዩተሮች መድረስ አይችልም። ቃሉንም በየመንፈቁ መለወጥ የቤቱን ሰዎች አያስቸግርም። መስመሩ የአንድ ቤት እንደ ሆነ ለውጭ ከመታየት ግን አያድንም፤ ስለዚህ ለእንግዳም ቢሆን የሚሰጠው ለሚታወቅ ሰው ነው።

የቀሩትን ኮምፒዩተሮች ማገናኘት ቀላል ነው፤ ከሚታዩት ስሞች የቤቱን መርጦ ቃሉን መጻፍ ብቻ ነው። ሁለት ስም የታየ እንደ ሆነ፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚለው ለቅርብ ፈጣን ነው፤ 2.4 የሚለው ግን ግድግዳ አልፎ ወደ ሩቅ ክፍል ይደርሳል። አንድ ኮምፒዩተር እንቢ ቢል አድራሻውን መመልከት ይረዳል፤ በ169.254 የሚዠምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አልተቀበለም ማለት ነውና ገመዱ ወይም የምስጢር ቃሉ ይመርመር። አድራሻው በ192.168 ዠምሮ ገጽ ብቻ የማይከፈት ከሆነ፤ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ ወዲያ ባለው መስመር ነው።

መብረቅ በሚበዛበት በክረምት፤ ነጐድጓድ ሳይቀርብ የመብራቱም የስልኩም ሽቦ ይነቀላል፤ መብራቱን ብቻ ነቅሎ የስልኩን ሽቦ መተው አይበቃም። የአስተዳዳሪው ቃል የተረሳ እንደ ሆነ በሣጥኑ ጀርባ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ በመርፌ 10 ሰከንድ ያህል መጫን ወደ ፋብሪካው ሁኔታ ይመልሰዋል፤ ያን ጊዜ ግን ድርጅቱ የሰጠው ስምና ቃልም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ደብተር ተጽፎ፤ ደብተሩ በግድግዳ ላይ ሳይሆን ቍልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል።