ከዶዘሩ ይልቅ ዋልካው ይከብዳል

ዶዘር ወይም ኤክስካቫተር በኮምፒውተር ውስጥ መሥራት ያን ያህል አያስቸግርም። ክብደቱ፣ የክንዱ ርዝመት፣ የዘይቱ ግፊት፣ የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ከፋብሪካው ተጽፎ ይመጣል። ከምላጩ ፊት ያለው አፈር ግን ማኑዋል የለውም። ምሥራቅ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ላይ ቀይ አፈርም ዋልካም አለ፤ ዋልካው ደግሞ የሚያዝያውና የሐምሌው አንድ አይደለም። ስለዚህ ማሽኑን ትቼ ስለ አፈሩ እጽፍላችኋለሁ።

አፈር በምን ይቋቋማል?

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ኩሎም እ.ኤ.አ. በ1776 በታተመ ጽሑፉ ሁለት ነገር ለየ፦ የቅንጣቶቹን ሰበቃና መጣበቃቸውን። ደረቅ አሸዋ ሰበቃ እንጂ መጣበቅ የለውም። ዋልካ ግን ይጣበቃል።

እርፍ ይዞ ያረሰ ተማሪ ይህን በእጁ ያውቀዋል። እርፉን ጫን ሲሉት ማረሻው ይጠልቃል፣ በሬዎቹም ይከብዳቸዋል። ምን ያህል ይከብዳቸዋል? ሪስ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ቀመር ለማረሻም ለዶዘርም ይሠራል። እናስላው። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ምላጭ 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ። የአፈሩ መጣበቅ 40 ኪሎ ፓስካል፣ የምላጩ ቅርጽ ቁጥር ደግሞ 2 ነው እንበል፦ 40×0.2×1×2=16 ኪሎ ኒውተን። ከአፈሩ ክብደት የሚመጣው 1 ኪሎ ኒውተን ገደማ ብቻ ነው። በደረቅ አሸዋ 16ቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የቀረው የክብደት ድርሻ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል። በአሸዋ የተሞከረ ሲሙሌሽን ለዋልካ የማይታመነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅንጣት ወይስ መረብ?

አፈሩን በኮምፒውተር የምንሠራበት ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው፣ ከንዳልና ስትራክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ዘዴ፣ አፈሩ የኳሶች ክምር ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም የእያንዳንዱን ግጭት ያሰላል። በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ኳሶችን በረድፍ ብንደረድር 125,000 ይሆናሉ። 1 ሚሊ ሜትር ከሆኑ 1 ቢሊዮን! ዋልካ ውስጥ ያለው የሸክላ ቅንጣት ደግሞ ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ኳሶቹን እናተልቃለን፤ ሰበቃቸውንና መጣበቃቸውንም ክምሩ በሜዳ እንዳየነው ክምር እስኪቆም ድረስ እናስተካክላለን።

ሁለተኛው መንገድ መሬቱን በመረብ ከፋፍሎ ጎማው በየነጥቡ ምን ያህል እንደሚሰምጥ ማስላት ነው። መሠረቱን የጣለው እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ በተነዳችው መኪና ሥራ የተሳተፈው ቤከር ነው። ይህ ዘዴ ፈጣን ነው፤ ለመንገድ ይበቃል እንጂ ለቁፋሮ አይበቃም። ፕሮጀክት ክሮኖ የተባለው በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ሁለቱንም ይዟል።

የዋልካው ቁጥር

እዚህ ላይ አደራ እላለሁ፦ ቁጥሩን ከሌላ አገር ሠንጠረዥ አትቅዱ። ናሙናውን መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት አድርቁ፣ እንደገና መዝኑ፤ ልዩነቱ እርጥበቱ ነው። በሚያዝያ፣ በሰኔና በሐምሌ ደጋግሙት፤ ለየወሩም የየራሱን መጣበቅና ሰበቃ ለክታችሁ አስገቡ። የበጋው ስንጥቅ በተለመዱት ሞዴሎች ውስጥ ስለሌለ ለብቻው መሠራት አለበት። የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ውኃ እንደሚያቁር ለማወቅ አራሾቹን ጠይቁ፤ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ከነሱ የተሻለ የሚመርጥ የለም።

መንገድ ሠሪዎች ዋልካን ቆርጠው አውጥተው በገረጋንቲ ይተካሉ። የጫነ ገልባጭ መኪና በሐምሌ እንዲያልፍበት ስንት ሳንቲ ሜትር መውጣት እንዳለበት፣ በመረቡ ሞዴል መጀመሪያ የምትሞክሩት ጥያቄ ይህ ይሁን።