ከመርጨት በፊት መመልከት፦ በጓሮአችን ያሉ አዳኝ ነፍሳትና የስልክ ካሜራ

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጉንዳን ይማር ዘንድ ልኮታል። ታናሹን ፍጥረት አተኩሮ መመልከት እንግዲህ የቆየ ትምህርት ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ላለው ባለጓሮ ደግሞ ዛሬ ለዚህ ትምህርት የሚረዳው አንድ መሣሪያ ተጨምሮለታል፤ እርሱም በኪሱ የያዘው የስልክ ካሜራ ነው።

ችግሩ

በጎመን ወይም በባቄላ ላይ ክሽክሽ ሲወርድ፣ ባለጓሮው ቅጠሉን ገልብጦ የሚያየውን ተንቀሳቃሽ ሁሉ ተባይ ይለዋል፤ መድኃኒትም ይረጫል። ክሽክሹ ይሞታል፤ ክሽክሹን ሲበሉ የነበሩትም አብረው ያልቃሉ። ይሁን እንጂ ክሽክሽ ያለ ተባዕት የምትራባና እንቁላል ሳትጥል የምትወልድ በመሆኗ፣ ከሞት የተረፉት ጥቂቶቹ ፈጥነው ይበዛሉ። አዳኞቹ ግን በእንቁላልና በእጭ ደረጃ አልፈው ስለሚያድጉ ይዘገያሉ። ስለዚህ ባለጓሮው በገዛ ገንዘቡ ወዳጆቹን አጥፍቶ ለጠላቱ ሜዳውን ይለቅለታል።

ወዳጆቻችን እነማን ናቸው?

በጓሳ ቀይ ቀበሮ አይጦችን አድኖ እንደሚኖር፣ በጓሮአችንም ታናናሽ አዳኞች አሉ።

ጥንዚዛ፦ ቀይ ጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ትንሽ ጥንዚዛ ብዙዎች ያውቁታል። እጩ ግን ጥቁርና ረዘም ያለ፣ ባለ ስድስት እግር፣ ቅርጹም ትንሽ አዞ የሚመስል ነው። ክሽክሽን በብዛት የሚበላው ይህ እጭ ከወላጁ ጋር ስለማይመሳሰል፣ በስህተት የሚገደለው እርሱ ነው።

አንዣባቢ ዝንብ፦ በአበባ አጠገብ በአየር ላይ የምትቆም፣ ንብ የምትመስል ነገር ግን የማትናደፍ ዝንብ ናት። እግር የለሹ እጯ ክሽክሹን ይዞ ፈሳሹን ይመጥጣል።

ጥቃቅን ተርብ፦ ክሽክሽ አብጦ፣ ደርቆና ቡናማ ሆኖ በጀርባው ክብ ቀዳዳ ከታየ፣ በውስጡ ያደገች ተርብ በልታው ወጥታለች ማለት ነው።

ሆኖም ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። በአገራችን የጤፍንና የገብስን ቅጠል የሚበላ የዚሁ ጥንዚዛ ዘመድ አለ። ጀርባው በደቃቅ ፀጉር የተሸፈነና የማያብረቀርቅ ሲሆን፣ እጩም እሾሃም ነው። እንግዲህ ወሳኙ ማስረጃ የጀርባው ቀለም ብቻ ሳይሆን በአፉ ያለው ነው፤ ክሽክሽ ይዞአል ወይስ ቅጠል ይፍቃል? የቅርበት ፎቶግራፍ ጥቅሙ በዚህ ላይ ነው።

አነሣሡ

1. በማለዳ ይውጡ። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት እንደ አየሩ ስለሚለዋወጥ፣ በደጋው ቅዝቃዜ እንቅስቃሴያቸው ዝግ ያለ ነው። ቀን ሲሆን ነፋሱ ቅጠሉን ያወዛውዛል።
2. አጉሊ መነጽር ከስልኩ ካሜራ ፊት አስጠግተው ይያዙ፤ ምስሉ እስኪጠራ ድረስ ቀስ ብለው ይቅረቡ። በስልኩ ማጉያ ብቻ ማጉላት ምስሉን ያደበዝዘዋል።
3. ክርንዎን በጉልበትዎ ላይ ያሳርፉ፤ ጥላዎ በነፍሳቱ ላይ አይረፍ። ቅጠሉን አይቁረጡት፤ ሌላ ሰው ግንዱን ይያዝልዎ።
4. ከጎን ሆነው ራሱንና አፉን ያንሡ። በዚህ ቅርበት ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል እጅግ ቀጭን ስለሆነ፣ ደጋግመው ያንሡ።
5. ቀኑንና የሰብሉን ዓይነት ይመዝግቡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ያንኑ ቅጠል አንሥተው ክሽክሹ መብዛቱን ወይም መቀነሱን ያነጻጽሩ።

ፎቶግራፉን መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩ። አዳኞቹ በዝተው ክሽክሹ ከቀነሰ መታገሥ ይገባል። ክሽክሹ ካየለና መርጨት ግድ ከሆነም፣ በባለሙያ ምክር፣ ንቦች ወደ ቀፎአቸው ከገቡ በኋላ በምሽት ይሁን።

በ1888 እና በ1889 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያን የብርቱካን እርሻ ከጥፋት ያዳነው ከአውስትራሊያ ተጭኖ የመጣ ትንሽ ጥንዚዛ ነበር። እኛ ግን ባሕር ማቋረጥ አያሻንም፤ ረዳቶቻችን በደጃችን ናቸው። የሚጠበቅብን በችኮላ አለመግደል ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት በጓሮአችን ሳናውቅ ያጠፋነው የትኛውን ወዳጅ ነው?
2. በሰንበቴያችን ወይም በዕድራችን አንድ አጉሊ መነጽር በጋራ ልንገዛ እንችላለን?