ትይዩ መስመሮችና የምድር ዙሪያ

ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሦስተኛ መስመር ሲያቋርጣቸው፣ በመካከላቸው በአቋራጩ ግራና ቀኝ የሚሠሩት ተለዋጭ ማዕዘኖች እኩል ናቸው። እኔ ግን «ይህ ምን ይጠቅማል?» እያልሁ ትምህርቱን ንቄው ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ ኤራቶስቴኔስ ምድርን ለካበት። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት በቀትር ፀሐይ በአስዋን ልክ ከአናት በላይ ስትሆን፣ በእስክንድርያ ጨረሯ ከቆመ ዘንግ ጋር 7.2 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ሠራ። ጨረሮቹ ትይዩ ናቸው፤ የአስዋኑ ጨረርና የእስክንድርያው ዘንግ ወደ ታች ቢቀጠሉ በምድር እምብርት ይገናኛሉ፤ ዘንጉም አቋራጭ ይሆናል። ስለዚህ በእምብርቱ ያለው ማዕዘን ያው 7.2 ዲግሪ፣ ማለት የ360 አንድ ሃምሳኛ ነው። የሁለቱን ከተሞች ርቀት፣ 5,000 ስታዲያን፣ በ50 ቢያበዛው የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲያ ሆነለት።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እኔ ንቀቴን ትቻለሁ፤ እናንተም አትናቁ።