ማሳሰቢያ፦ ለማቅለሽለሽ ሲቢዲ ለምትገዙ

በአሜሪካ ሲቢዲ (ከካናቢስ ተክል የሚወጣ ንጥረ ነገር) ነዳጅ ማደያ ሳይቀር ይሸጣል። መደርደሪያ ላይ የወጣው ግን ማስታወክን እንደሚያስቆም ተረጋግጦ አይደለም፤ የ2018ቱ የእርሻ ሕግ አስካሪው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠበትን የካናቢስ ዓይነት፣ ሄምፕን፣ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ስላወጣው ነው። በተለይ ኬሞቴራፒ ላይ ያላችሁ ወገኖች ይህን ልብ በሉ።

• ሐኪም ያዘዘላችሁን ኦንዳንሴትሮን ወይም ሌላ ማስታወክ ማስቆሚያ ትታችሁ ወደ ሲቢዲ አትዙሩ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያጸደቀው የሲቢዲ መድኃኒት ኤፒዲዮሌክስ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለአንዳንድ ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች እንጂ ለማቅለሽለሽ አይደለም። እንዲያውም ተቅማጥና ማስታወክ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ መካከል ናቸው። በ1985 ለኬሞቴራፒ ማስታወክ የጸደቁት ድሮናቢኖልና ናቢሎን ከሲቢዲ ጋር ይምታታሉ፤ እነሱ የቲኤችሲ ወገን ናቸው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይሰጡም።

• ሲቢዲ የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪማችሁና ለፋርማሲስታችሁ ተናገሩ። «ዕፅ ተጠቃሚ እባላለሁ» ብሎ የሚደብቅ አለ፤ አደጋው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ሲቢዲ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ሥራ ያውካል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪን በሰውነት ውስጥ በዝቶ ሊያደማ ይችላል፤ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ታክሮሊመስም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ በሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

• ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ እናቶች፣ ጨርሶ አትውሰዱ። ለእርግዝና ማቅለሽለሽ የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

• ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። በ2017 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የተሸጡ 84 ምርቶችን ፈትሾ፣ የሲቢዲ መጠናቸው በትክክል የተጻፈው 31 በመቶዎቹ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኝቷል። የጭነት መኪና የምትነዱ፣ የሽንት ምርመራ ላይ «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» ማለት አያድናችሁም።

• ካናቢስ ለረጅም ጊዜ የሚያጨስ ሰው እየተመላለሰ የሚያስታውከው፣ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ብቻ የሚሻለው ከሆነ፣ በሽታው ከካናቢሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሲቢዲ አትጨምሩለት፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

• በዱባይ በኩል ወደ አገር ቤት ስትጓዙ ጠርሙሱን ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ። እዚያ ሊያሳስር ይችላል።

• ትውከቱ ደም ካለው፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ካለ፣ ሽንት ከቆመ ወይም በሽተኛው ከተዘባረቀ፣ በየትኛውም ጠብታ ጊዜ አታጥፉ፤ 911 ደውሉ።