አመዛዛኝ ድርሰት፦ ዕዳና የሥራ ቅጥር

ተማሪዎች፣ ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ይነግራል፤ ገላጭ ድርሰት ነገሩ ምን እንደ ሆነ ያስረዳል። አመዛዛኝ ድርሰት ግን ሰዎች በማይስማሙበት ጉዳይ ላይ አንድ አቋም ይዞ አንባቢን ለማሳመን የሚጻፍ ነው። ስሙ ከሚዛን የተገኘ መሆኑን ልብ በሉ። የራሱን ሐሳብ ብቻ እየደረደረ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ የሚሸሽግ ጸሐፊ ፈረደ ይባላል እንጂ መዘነ አይባልም።

ለዚህ ትምህርት የተመረጠው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ አሠሪ ሥራ ፈላጊውን ከመቅጠሩ በፊት ብድሩንና ዕዳውን መመርመሩ ተገቢ ነውን?

ክርክር ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩ ራሱ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ብዙ አሠሪዎች የአመልካቹን የብድር አከፋፈል የሚያሳይ ዘገባ መረጃ ከሚሰበስቡ ኩባንያዎች ይጠይቃሉ። የአገሪቱ ሕግ ይህን ባይከለክልም አመልካቹ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲፈቅድ ያስገድዳል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ከዚህ አልፈው ሄደዋል፤ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007፣ የኒውዮርክ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ከተወሰኑ የሥራ ዓይነቶች በቀር ልማዱን የሚገታ ሕግ አውጥተዋል። በአገራችንም በብሔራዊ ባንክ ሥር የብድር መረጃ ማዕከል አለ። ማዕከሉ ግን የተቋቋመው አበዳሪዎች ብድር ከመስጠታቸው በፊት የተበዳሪውን ታሪክ እንዲያዩበት እንጂ ነጋዴዎች ሠራተኛ እንዲመርጡበት አይደለም።

ይሁን እንጂ የዚህ ጥያቄ የቅርብ ዘመድ የሆነ አሠራር በመካከላችን አለ። በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች ላይ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን ሐረግ ሳታነቡ አልቀራችሁም። ተያዥ ማለት ተቀጣሪው ገንዘብ ወይም ዕቃ ቢያጎድል «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። የብድር ምርመራ የአመልካቹን ኪስ ሲፈትሽ፣ ተያዥ መጠየቅ የዘመዶቹን ኪስ ይፈትሻል።

አሁን ወደ ወላይታ ሶዶ እንሂድ። ከተማይቱ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ስትሆን፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ሕዝብ የበዛበትና የአንድ ቤተሰብ ማሳ እጅግ ያነሰበት በመሆኑ፣ ብዙ ወጣት ተምሮ በከተማ ሥራ ከመፈለግ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ብድርም ለወላይታ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ «ዋዱ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ያቀርብ ነበር። በኋላም በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመውና ከጊዜ በኋላ ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በቡድን ማበደርን አስፋፋ። መያዣ የሚሆን ንብረት የሌላቸው ጥቂት ሰዎች ይሰባሰባሉ፤ አንዱም ለሌላው ዋስ ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ሳይከፍል ቢቀር የቀሩት ይጠየቃሉ፤ ዕዳው እስኪዘጋም አዲስ ብድር አያገኙም።

ከሁምቦ የመጣች፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተማረች አንዲት ወጣት በሶዶ ከሚገኝ ሱቅ ለገንዘብ ተቀባይነት አመለከተች እንበል። ከዚህ ቀደም ከአራት ጓደኞቿ ጋር ለንግድ መነሻ የሚሆን ገንዘብ ተበድራ ድርሻዋን በሙሉ ከፍላለች። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ሳይከፍል ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ባለ ሱቁ ቢያጠያይቅ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ «ባለዕዳ ናት።» ይህ ቃል ውሸት አይደለም። ነገር ግን ልጅቱ ገንዘብ ታጎድላለች ወይስ አታጎድልም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። እንዲያውም ድርሻዋን አስቀድማ መክፈሏን የሚያውቅ ሰው ተቃራኒውን ሊፈርድ ይገባዋል።

የባለ ሱቁ ሥጋትም ቀላል አይደለም፤ በድርሰታችሁ ውስጥ ስታቀርቡትም አታሳንሱት። የአንድ ትንሽ ሱቅ የወር ትርፍ በአንድ ቀን ጉድለት ሊጠፋ ይችላል። በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ደግሞ የሚጎድለው እህል የብዙ ቤተሰብ ላብ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው ሰው በእጁ ያለፈውን ገንዘብ ለመንካት ይፈተናል የሚለው ግምትም ጨርሶ ከንቱ ነው አይባልም። ግን ግምት ነው። ገንዘብ ከሚያጎድሉት መካከል ዕዳ የሌለባቸው አሉ፤ ዕዳ ካለባቸውም መካከል የሰው ሳንቲም የማይነኩ ብዙዎች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ በወላይታ ረኃብ በገባ ጊዜ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ የተሸነፈው በሰማዩ ነው፤ በጠባዩ አይደለም። ከዚህም በላይ ዕዳ ስላለበት ሥራ የተነፈገ ሰው ዕዳውን በምን ይከፍላል?

ተያዥ መጠየቅስ? የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በዚህ ላይ ያለው አስተያየት ከብድር ምርመራው ለዘብ ያለ ነው። በዕቁብ ልማዳችን ቀድሞ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ገንዘቡን በሚወስድበት ጊዜና ለሚወስደው ልክ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ የዋስትናው ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ገንዘብ ለሚይዝ ሠራተኛ ልኩ የታወቀ ዋስ መጠየቅ አግባብ አለው። ችግሩ «በቂ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የከተማ ቤት ካርታ ያለው ወይም ደመወዝተኛ የሆነ አጎት ያላት ልጅ ወዲያው ታሟላለች። የገበሬ ልጅ ግን አባቷ መሬት ቢኖረውም መሬት በሕገ መንግሥቱ መሠረት የማይሸጥ የማይለወጥ በመሆኑ፣ ያ ማሳ በአሠሪው ዓይን ዋስ አይሆናትም። ገንዘብ ለማይነካ የጽዳት ወይም የጥበቃ ሥራ ጭምር ተያዥ ሲጠየቅ ደግሞ ምክንያቱን ማግኘት ያስቸግራል።

የሰውን የዕዳ መዝገብ ከጀርባው መመርመር ግን ከዚህ የከፋ ነው። አመልካቹ ምን እንደ ተባለበት ሳያውቅ፣ ቢያውቅም «ይህ የጓደኛዬ ዕዳ ነው» ብሎ ሳያስረዳ ይወድቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው የግል መረጃ ለታወቀና ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ለብድር የተሰጠ መረጃ ለቅጥር መዋሉም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። ባለ ሱቁ የግድ ዕዳ ልጠይቅ ቢል እንኳ ልጅቱን ራሷን ይጠይቅ፤ መልሷንም ይስማ።

የሰዋስው ማስታወሻ። በአማርኛ ሀብት «አለው»፣ ዕዳ ግን «አለበት» ይባላል። በሁለተኛው ግስ ላይ ያለው «-በት» ነገሩ በባለቤቱ ላይ የተጫነ መሆኑን ያመለክታል። የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ልጅቱ ዕዳ ውስጥ ገባች።
ልጅቱ ዕዳ ወደቀባት።
ልጅቱ የጓደኛዋን ዕዳ ተሸከመች።

ሦስቱም ስለ አንድ ሰው ሊነገሩ ይችላሉ። በመጀመሪያው ድርጊቱን የፈጸመችው ልጅቱ ስለ ሆነች ጥፋቱም የእርሷ ይመስላል። በሁለተኛው የግሱ ባለቤት ዕዳው ነው፤ ልጅቱ ተጎጂ ሆናለች። በሦስተኛው ልጅቱ እንደገና ባለቤት ብትሆንም የሚነገርላት ምስጋና ነው። «ባለዕዳ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ልዩነት ይደመስሳል። አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ ግስ በመምረጣችሁ ብቻ ፍርድ እየሰጣችሁ እንደ ሆነ አስተውሉ። (በጨዋታ ላይ «ዕዳው ገብስ ነው» ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን ነው፤ ይህን በድርሰታችሁ ውስጥ ብትጠቀሙ የአሠሪውን ሥጋት ያቃለላችሁ ያስመስላል።)

መልመጃ

1. «ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ የማይታመን ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ምንም እንኳ» እና «ይሁን እንጂ» የሚሉትን በመጠቀም ሚዛናዊ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።

2. ከላይ ባለው ጽሑፍ ውስጥ የአሠሪው ወገን ያልተነገረለት ምክንያት ይኖራል። አንድ ፈልጋችሁ በአንድ አንቀጽ ተከራከሩለት።

3. በአካባቢያችሁ ከተለጠፉ የሥራ ማስታወቂያዎች ተያዥ የሚጠይቁ ሦስት ምረጡ። ሥራው ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚያስይዝ መሆን አለመሆኑን ለይታችሁ ካሰፈራችሁ በኋላ፣ ጥያቄው ተገቢ አይደለም ለምትሉት ለአንዱ አሠሪ በጨዋ ቋንቋ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው አሠሪውን ከጉድለት የሚጠብቅ ሌላ መንገድም ያመልክት።