የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲወልቅ

ጥርሱ የወለቀ ሰው ቆሎ መቆርጠምና ሥጋ ማላመጥ ያቅተዋል፤ ምግቡንም ሳያደቅ ስለሚውጥ ሆዱ ይቸገራል። ብዙ ሰው ግን «አንድ ጥርስ ቢወልቅ ምን አለበት? ሌላው ይበቃኛል» ይላል። ይህ አነጋገር ትክክል አይደለም። በዚህ ትምህርት የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲወልቅ የሚደርሰውን ጉዳት፥ ሐኪሞች የሚያደርጉትን ጥገና፥ ቤተ ሰብም ሊያደርገው የሚገባውን ጥንቃቄ እንገልጻለን።

፩. ጥርሱ ሲወልቅ አጥንቱ ምን ይሆናል?

ከላይኛው የመንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፥ በጉንጭ በኩል፥ አየር ብቻ ያለበት ባዶ ቦታ አለ። ሐኪሞች ሳይነስ ይሉታል፤ ወደ አፍንጫም ቀዳዳ አለው። ጥርሱ ሲወልቅ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታና እየሳሳ ይሄዳል። ሳይነሱም ከላይ ወደ ታች እየሰፋ ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በድዱና በሳይነሱ መካከል የሚቀረው አጥንት ስስ ሊሆን ይችላል።

፪. ሐኪሞች እንዴት ይጠግኑታል?

ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋር አንድ ሆኖ እንደሚያያዝ ተረዳ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የቲታኒየም ሥር በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለ። በእንዲህ ያለው ሥር ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቆምበታል።

ነገር ግን ምሰሶ የሚጸናው ጉድጓዱ ጥልቅ ሲሆን ነው። የቀረው አጥንት ከ4 ወይም ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ ሥሩ አጥብቆ የሚይዘው አያገኝም። ስለዚህ ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ፥ በአጥንቱ ጎን ትንሽ መስኮት ያበጃል። የሳይነሱን ውስጠኛ ሽፋን፥ እንደ እንቁላል ውስጥ ልባስ የሳሳውን፥ ሳይቀድድ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣዋል። ከበታቹም ከሰውየው ከራሱ የተወሰደ ወይም ከከብት ተወስዶ በሚገባ የተጣራ አጥንት ይሞላበታል። ይህ ደርቆ እስኪጸና ብዙ ወራት ይፈጃል።

አንዳንድ ሐኪሞች ከበሽተኛው ክንድ ጥቂት ደም ይቀዱና በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ያዞሩታል። ወተት ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው እንደሚለይ፥ ደሙም ይለያያል። ቁስልን የሚያረጋውና የሚያሽረው ክፍል፥ ፕላትሌት የሚበዛበት፥ ለብቻው ይወጣል። ይህንንም ከአጥንቱ ጋር ይቀላቅሉታል ወይም በቁስሉ ላይ ያደርጉታል። በፈረንሳይ አገር ጆሴፍ ሹክሩን የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. ከዚህ ዓይነቱ አንዱን አስታወቀ።

፫. የተተከለው ይጸናል ወይ?

አዎን፤ በብዙ ጥናቶች እንደታየው በተሞላ አጥንት ላይ ከተተከሉት 100 ሥሮች ውስጥ ከ90 የሚበልጡት ለዓመታት ጸንተው ይቆያሉ። የደሙ ክፍል ቁስሉ ቶሎ እንዲሽር ይረዳ ይሆናል እንጂ፥ ሥሩን ከሌላው ይልቅ እንደሚያጸና በግልጽ አልተረጋገጠም። የተተከለውን የሚያበላሹት የታወቁ ናቸው፤ ትምባሆ ማጤስ፥ ያልታከመ የስኳር በሽታ፥ የድድ በሽታና የአፍ እድፍ። ሕክምናው በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ልዩ ሐኪም፥ ብዙ ገንዘብና ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። እንግዲህ ከሁሉ የሚሻለው የተፈጥሮውን ጥርስ መጠበቅ ነው።

፬. በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ሀ) በየቀኑ ሁለት ጊዜ፥ ይልቁንም ማታ ከመኝታ በፊት፥ ጥርስን እናጽዳ። ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ካለ መልካም ነው፤ ከሌለ ጫፉ ለስላሳ በሆነ መፋቂያ የኋላውን ጥርስ ጭምር እንፋቅ።

ለ) እያንዳንዱ ሰው የራሱ መፋቂያ ይኑረው፤ አይዋዋሱት።

ሐ) ሕፃናት ራሳቸው በደንብ ማጽዳት እስኪችሉ፥ እስከ 7 ዓመት ገደማ፥ እናት ትርዳቸው። ከረሜላና ስኳር አታብዙላቸው።

መ) የታመመ ጥርስ በቤት ውስጥ በጉጠት አይነቀል። ያልተቀቀለ መሣሪያ በሽታ ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል።

፭. ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የጠጡት ውሃ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ በአፍና በሳይነሱ መካከል ቀዳዳ ተከፍቷል ማለት ነው። «ራሱ ይድናል» ብላችሁ አትቀመጡ፤ አፍንጫንም በኃይል አትናፈጡ። እንዲሁም ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ቢወርድ፥ ጉንጭ ቢያብጥ፥ ጥርስም ቢነቃነቅ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ለማስታወስ፤

1. የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲወልቅ አጥንቱ ምን ይሆናል?
2. የተተከለ ጥርስን የሚያበላሹት ምን ምን ናቸው?
3. ውሃ በአፍንጫ ቢወጣ ምን ይደረጋል?

ይህን ያነበበ ላላነበበው ጎረቤቱ ያንብብለት።